ከነጠላው ስር ቱታ

ውፍረቴን እወደው ነበር። የሚስቅ ካለ ይሳቅ። እኔ ባደግኩበት ዘመን ቀጭን ሴት «ምን ነካት?» ትባላለች እንጂ ማንም አያደንቃትም። ስድሳን ተሻግሬ፣ ጡረታ ወጥቼ ቤት መዋል ስጀምር ሰውነቴ ሞላ። ለቅሶ ቤት ስቀመጥ አግዳሚው ሲያቃስት እንኳ ደስ ይለኝ ነበር። «ጡረታው ተስማማሽ፣ አምሮብሻል» ይሉኛል። ባለቤቴም የሚስቱን ውፍረት የቤቱ ጥጋብ ምስክር አድርጎ የሚኮራ ዓይነት ሰው ነው።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን እያመመኝ፣ ኦሎምፒያ አካባቢ ያለች አንዲት ክሊኒክ ሄድኩ። ብቻዬን ነው የሄድኩት። ሐኪሟ ልጄን የምታህል ናት። ጉልበቴን ነካ ነካ አደረገችና ሚዛን ላይ አወጣችኝ፤ ደም አሰጠችኝ። ውጤቱን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«እናቴ፣ ስኳር እንዳለብዎ ያውቃሉ?»

«እኔ ጉልበቴን ነው ያልኩሽ!» አልኳት። ተቆጣሁ እኮ! ያመጣችብኝ እሷ ይመስል።

«ጉልበትዎም ስኳርዎም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው። ክብደት ይቀንሱ፣ በየቀኑ ይራመዱ። ለጊዜው በኪኒን እንሞክራለን። ካልቀነሱ ግን ወደ መርፌ መሄዳችን ነው። እግርዎንም ማታ ማታ ይዩት፤ ቁስል እንዳይኖር።»

እግር ስትል ደርቄ ቀረሁ። እናቴ እግሯን ያጣችው በስኳር ነው። ጫማ የላጣት ትንሽ ቁስል አልድን ብሎ ብሎ መጨረሻ ላይ ከፋ። ወንድሞቿ «ቁስሉን ሊያጥቡልሽ ነው» ብለው አስገቧት። ስትነቃ እግሯ የለም። መቼም በእኛ አገር ለበሽተኛው አይነገረውም። ዘመድ ይሰማል፣ ጎረቤት ይሰማል፣ የንስሐ አባት ይሰማል፤ በሽተኛው ራሱ ከሰማም መጨረሻ ላይ ነው። እናቴ ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ ማንንም አላመነችም። ወንድሞቿ ሻይ ቢያቀርቡላት እንኳ እነሱ ካልቀመሱት አትጠጣም ነበር።

ከክሊኒኩ ወጥቼ ኦሎምፒያ መንገድ ዳር፣ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው መሀል ቆምኩና ቁልቁል እግሮቼን አየኋቸው። በስመ አብ! ሰው ምን ይለኛል ሳልል «አልሰጥም!» አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ። አጠገቤ የቆመችው ሴት ቦርሳዋን ጠበቅ አደረገች።

ለባለቤቴ «የእርጅና ጉልበት ነው አለችኝ» ብዬ ዝም አልኩ። ስኳር ብዬ ብነግረው እንቅልፍ አይወስደውም። ሰፈሩ ከሰማ ደግሞ አለቀልኝ። ድግስ ቤት ሳህን ባነሳሁ ቁጥር «ኧረ አንቺ አትብዪ፣ ስኳር አለብሽ» የሚለኝ ጠባቂ አላጣም። እኔ ደግሞ በሰው ፊት እጄን ሲይዙኝ ደሜ ይፈላል።

መራመዱም ቢሆን ቀላል አልነበረም። ቂርቆስ ሰፈራችን ውስጥ፣ የልጅ ልጅ ያየች ሴት ቱታ ለብሳ ስትሮጥ ብትታይ የዓመት መሳቂያ ነው የምትሆነው። ስለዚህ ዘዴ ዘየድኩ። ሰማያዊ ቱታ ከሰልባጅ ልብስ ተራ ገዛሁ፤ ከላዩ ሰፊ ቀሚሴን፣ ከዚያ ነጠላዬን። ጎህ ሳይቀድ ስወጣ ያየኝ ሁሉ ኪዳን ልታደርስ ነው ይላል። ቤተ ክርስቲያኑን በሩቁ እሳለምና በለገሃር በኩል ወደ መስቀል አደባባይ እታጠፋለሁ። እዚያ ስደርስ ቀሚሴን ሰብስቤ ወገቤ ላይ እሸጉጣለሁ።

የመጀመሪያ ቀን ያየሁትን አልረሳውም። ኧረ ጉድ! እኔ ስተኛ አገሩ ሁሉ እዚህ ነበር ለካ? ደረጃው ላይ ሰው እንደ ጉንዳን ይወጣል፣ ይወርዳል። ጸጉሩ ሙሉ በሙሉ የነጣ ሽማግሌ ገመድ ይዘላል። እኔን የሚያካክሉ ሴቶች በጀርባቸው ተንጋለው እግራቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለዋል፣ ያውም እየሳቁ! እኔ ጥቂት ደረጃ ወጣሁና ልቤ አፌ ውስጥ ገብታ ቁጭ አልኩ። እነሱን የሚያሠራው አሰልጣኝ አጨበጨበልኝ። «ማዘር፣ ከተቀመጡ ይበርድዎታል፣ ይነሱ!» አለኝ። አባትህ ይነሳ ልለው ምንም አልቀረኝም፤ ግን ተነሳሁ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ለመደኝ። ከራቴ ላይ እንጀራውን ቀነስኩ፣ ዳቦ ተውኩ፣ ሻይ ያለ ስኳር ሆነ። ባለቤቴ «ብዪ እንጂ» ሲለኝ «ሆዴን አልተመቸኝም» እለዋለሁ። ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ሲወርድ ጃንጥላ ይዤ እወጣለሁ፤ አንድም ቀን አልቀረሁም። ቀሚሶቼ ሰፉ። ቀለበቴ ሳህን ሳጥብ ይወልቅ ጀመር። እኔ በሆዴ እልል እላለሁ።

መጀመሪያ ላይ «ምነው ከሳሽ?» ይሉኝ ነበር። «እርጅና ነው» እያልኩ አልፋለሁ። ከዚያ መጠየቃቸውን አቆሙ። ተመስገን አልኩ፤ ለካ መፍራት የነበረብኝ ያኔ ነው።

ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ አጥሚት ይዛ መጣች። በማግስቱ የዶሮ ሾርባ። ከዚያ ማር! ለእኔ ማር! «ከአገር ቤት የመጣ ንጹሕ ማር ነው፣ ጠዋት ጠዋት ላስ አድርጊ» ብላ እጄን ይዛ ቆየች፤ ዓይኗ ውሃ ሞልቷል። የእድራችን አባል ሞተው ለቅሶ ቤት ወጥ ልሠራ ሽርጤን ሳስር ሴቶቹ ጭልፋውን ከእጄ ነጠቁኝ። «አንቺ አረፍ በይ፣ አንቺማ ይበቃሻል።» ምኑ ነው የሚበቃኝ? ከጓዳው ስወጣ ወሬው ቀጥ አለ። ሁሉም ወለሉን ያያል።

አያት ሰፈር የምትኖረው ልጄ በየሳምንቱ መምጣት ጀመረች። ድሮ ለበዓል ነው የምትመጣው። አንድ ቅዳሜ አቅፋኝ አቅፋኝ «እማዬ፣ ፎቶ እንነሳ» አለች። ተነሳን። ስልኳን ይዛ መታጠቢያ ቤት ገባችና ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል።

ያን ጊዜ ነው ደሜ ቀጥ ያለው። ክሊኒኩ ካርድ ሲያወጣልኝ የቅርብ ዘመድ ስልክ ብለውኝ የሰጠኋቸው የሷን ነው። ደውለው ነግረዋታል! ሌላ በሽታ አግኝተውብኛል፤ እኔን በስኳር አታልለው እውነቱን ለልጄ ነግረዋታል። እንዴ፣ የከሳሁት በመራመዴ መስሎኝ! ለካ እየሟሟሁ ነው።

ቀጠሮዬ ደርሶ ሄድኩ። ሐኪሟ ውጤቱን አይታ ፈገግ አለች። «ጎበዝ! ስኳርዎ በጣም ወርዷል፣ ክብደትዎም ቀንሷል። መርፌ አያስፈልገንም። እንዲሁ ይቀጥሉ፣ እናቴ።» ሌላ ሰው ቢሆን ወለሉን ይስም ነበር። እኔ ግን ጥርሷን እያየሁ ለእናቴም እንዲሁ ነው የሳቁላት አልኩ በልቤ። «እውነቱን ንገሪኝ» አልኳት። «እውነቱን ነው የነገርኩዎት» አለች። «እናቴ ትሙት በይ» አልኳት። ግራ ገብቷት ሳቀች። ሳቋ ይባስ አስፈራኝ።

ቢሆንም መራመዴን አልተውኩም። ብሞትም በሁለት እግሬ ልሙት አልኩ። አደባባዩ ላይ ስወጣ ስወርድ እንባዬ ይወርዳል፤ ሰው ላብ ይመስለዋል። ባለቤቴን ልጠይቀው ማታ ማታ አፌን እከፍትና እዘጋዋለሁ። እሱም ወደ ግድግዳው ዞሮ ይተኛል። ሁለታችንም ተኝተናል እንላለን።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ከአደባባዩ እየተመለስኩ ነው። ዝናቡ አባርቷል፣ ገና እየነጋ ነው። ወደ ቅያሳችን ስታጠፍ በራችን ላይ ሰው አየሁ። አንድ ሁለት አይደለም፤ በሩን ሞልተውታል። ሁሉም ነጠላ ለብሰዋል። የእድሩ ዳኛ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። የንስሐ አባታችን አሉ። ጎረቤቴ አለች። ልጄ አያት አድራ በዚህ ማለዳ እንዴት መጣች? ዓይኗን በነጠላዋ ትጠርጋለች።

በእኛ አገር በጎህ፣ ነጠላ ለብሶ፣ ሽማግሌ ይዞ በር ላይ የሚቆም ሰው የሚያመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው። መርዶ።

ልጄ በሕይወት ቆማለች። እንግዲያ ማን ቀረ? ስወጣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኝቶ ነበር። ትንፋሹን ሰምቼዋለሁ? አልሰማሁም? የኔን ሞት ስጠብቅ እሱ በጎን አመለጠኝ!

«ዋይ! ዋይ! ጥሎኝ ሄደ!» ብዬ ጮህኩ። ቀሚሴን እስከ ወገቤ ሰበሰብኩና ሮጥኩ። ነጠላዬ የት እንደወደቀ አላውቅም። ያ ጉልበት፣ ደረጃ አልወጣም ያለው ጉልበት፣ የታለ? ጭቃውን እየዘለልኩ፣ ድንጋዩን እየዘለልኩ ሄድኩ። ሰዎቹ ዞረው አዩኝና አፋቸውን ከፈቱ። ማንም ሊይዘኝ አልደፈረም። መሀላቸውን ሰንጥቄ በሩ ጋ ስደርስ፣ ባለቤቴ ለእንግዶቹ አግዳሚ ተሸክሞ ከውስጥ ብቅ አለ።

«ምን ሆነሻል? ማን አባረረሽ?» አለኝ።

አግዳሚውን አስጥዬ ፊቱን ዳበስኩት። ሞቅ ያለ ነው። ከዚያ ደረቱን በቡጢ መታሁት።

ሁሉም የሚያዩት እኔን ሳይሆን ቱታዬን ነው። ሰማያዊ፣ በጎኑ ነጭ መስመር ያለው፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ የሆነ ቱታ። የእድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኛ እንኳ» አሉ፣ «ጳጉሜ እየገባ ስለሆነ ጸበል እንውሰድሽ፣ አትፍሪ፣ አይዞሽ ልንልሽ ነበር የመጣነው። ግን… ይቺ ናት እንዴ የምትሞተው? እኔ እንኳ እንደዚህ አልሮጥ!»

«ማነው እሞታለሁ ያላችሁ?» አልኩ። ድምፄ እስከ ለገሃር ሳይሰማ አልቀረም።

ተያዩ። ጎረቤቴ «ልጅሽ ስታለቅስ አይቼ ነው» አለች። ልጄ ወደ ጎረቤቴ ዞራ ጮኸች፦ «እኔ እኮ አንቺ ደውለሽልኝ ነው ያለቀስኩት! ማንም የነገረኝ የለም!» ጎረቤቴ ወደ ባለቤቴ ጠቆመች፤ «እሱ በግድግዳው በኩል እየጸለየ ሲያለቅስ እሰማለሁ፣ ምን ላድርግ?» ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ።

«እሷ ናታ!» አለ ባለቤቴ። «ምግብ ሲሰጣት ትገፋለች። በሐምሌ ዝናብ ሳይቀር በየቀኑ ኪዳን ትሄዳለች። ትከሳለች። ሰው ምን ብሎ ያስብ?»

ለካ እኔን የገደለኝ የገዛ ነጠላዬ ነው! እዚያው ቆሜ ስኳሩንም፣ ኪኒኑንም፣ አደባባዩንም ዘረገፍኩት። «እግሬን እንዳይቆርጡኝ ነው የምሮጠው!» አልኩ፤ ማልቀስም ጀመርኩ። የንስሐ አባቴ አጎንብሰው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፣ ለካ እየሳቁ ነው። ከዚያ ማን ይመልሰው፣ ቅያሱ በሙሉ ሳቀ። ለማጽናኛ ያመጡትን ዳቦ እዚያው ቆርሰን በላን፤ እኔም ቁራሽ በላሁ፣ ጎረቤቴ ገና ከማለዳው «ኧረ ስኳር አለብሽ!» እያለችኝ።

ሰዉ ሲበተን ሁለታችን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። በቀን ብርሃን ሳየው እሱም ተጎሳቁሏል፤ የሸሚዙ አንገት ሰፍቶታል። ክረምቱን ሙሉ የራሴን ወገብ ስለካ ይሄን አላየሁም። ንዴቴ ተመለሰ።

«አጠገቤ ተኝተህ እንዴት አንድ ቀን አትጠይቀኝም? ምን ሆንሽ አይባልም?»

ጎንበስ አለና የጭቃ ጫማዬን ፈታልኝ፣ ካልሲዬን አወለቀና እግሬን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየለየ አየ።

«ብጠይቅሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነው» አለ።

እሱ ሌላኛውን እግሬን አነሳ።

«በይ እንግዲህ አትሙቺ» አለኝ። «ላንቺ ያለኝን እንባ ክረምቱን ጨርሼዋለሁ።»