ማንጠግቦሽ ለንብ አናቢዎቹ የሠራችው ገጽ

በድሮው መማሪያ መጽሐፍ «የሥራ ዓይነቶች» የሚል ምንባብ ነበር። ገበሬው ሞፈር ይዞ፣ ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ፣ መምህሩ ጠመኔ ጨብጦ ተስለውበታል። የማንጠግቦሽ ሥራ እዚያ አልነበረም። ስለዚህ ሰቆጣ ላይ «ልጅቱ ምን ትሠራለች?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው እንደ መላሹ መልሱ ይለያያል። እናቷ እማማ አመተ ሥላሴ «ኮምፒውተር ትነካካለች» ይላሉ። እሷ ግን «ሱቅ እሠራለሁ፤ በሩ የሚከፈተው በስልክ ነው» ትላለች።

አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ተቀጥራ ከሠራች በኋላ «ለራሴ ልደር» ብላ ነው አገሯ የገባችው። መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ መብራት ሲኖር ላፕቶፗን እየሞላች፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ገጾቹን በእርሳስ ወረቀት ላይ እየነደፈች፣ ለሩቅ ሰዎች ድረ ገጽ ትሠራለች። ለአገሯ ሰው ግን ሠርታ አታውቅም ነበር።

ጥቅምት ላይ አያ እንዳለው መጡ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የንብ አናቢዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ነጭ ማር ፈልጎ «ማኅበራችሁን በኢንተርኔት አሳዩኝና ሰኞ እወስናለሁ» ብሏቸዋል።

«የኛው ልጅ እያለች ወደ ማን እንሂድ?» አሏት።

ይህች ቃል ልቧን ነካቻት። ፀሐይ ላይ ቆሞ ለሚያነብ ገበሬ እንዲታይ የገጹን ፊደል አወፈረችው፣ መሙያ ሣጥኖቹን አሰፋቻቸው። እያንዳንዱ አናቢ በስልክ ስሙን፣ ጎጡንና የቀፎውን ብዛት ይሞላል። ብዛቱ ካልተሞላ ገጹ ወደፊት አይሄድም።

ዓርብ ዕለት ከፍታ ስታየው ሃያ ሦስቱም አናቢዎች ሞልተዋል። ሃያ ሦስቱም «ሁለት» ብለዋል። አንድ እንኳ ሦስት ያለ የለም። ድምሩ ገጹ አናት ላይ ተገትሯል፤ አርባ ስድስት ቀፎ። ለዚህማ ነጋዴው እንኳን ከአዲስ አበባ፣ ከሰቆጣ ገበያም አይነሣም።

ቅዳሜ ገበያ ወርዳ አናቢዎቹን ከግራር ጥላ ሥር አገኘቻቸው።

«አያ እንዳለው፣ ከጓሮዎ ብቻ አሥር ቀፎ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለት ነው ያሉት?»

«ሁለት ነው።»

«ስምንቱስ የማን ነው?»

«የእግዜር።»

ሰዎቹ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ የሆነ ነገር ተባባሉና ሳቁ። ገብረ ሊባኖስ የሚባለው ቀልደኛ አናቢ ቀጠለ። «ምነው እቴ፣ ፊደል ስትቆጥሪ ዝም ብንልሽ ንባችንንም ልትቆጥሪ መጣሽ?»

ያን ጊዜ ፊቷ ቀላ። የገዛ አባቷ ፍየሎቹን ሰው ፊት ቆጥሮ አያውቅም ነበር። ቀፎውን ለሰው የቆጠረ ንቡ ጥሎት ይሄዳል ሲባል እየሰማች ነው ያደገችው። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ተቀምጣ ረሳችው!

«አጥፍቻለሁ» አለች። «ታዲያ ሰው ፊት የሚነገረው ምኑ ነው?»

አያ እንዳለው ዱላቸውን ተደግፈው አሰቡ። «የሚበረው አይነገርም፣ ልጄ። የተቆረጠው ይነገራል። ማሩ ከወረደ ወዲያ ማን ምን ያደርገዋል? እሱን ጠይቂን።»

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፗን ከፈተች። የቀፎ ብዛት የሚሞላበትን ሣጥን አጠፋችና በቦታው «ዘንድሮ ስንት ባልዲ ማር ቆረጡ? ከምን አበባ?» ብላ ጻፈች። የላፕቶፑ ማያ በፀሐይ አልታይ ቢላት ገብረ ሊባኖስ ጋቢውን ከላይዋ ዘረጋላት። ከዚያማ የሁሉም አፍ ተከፈተ።

«እኔ አሥራ አንድ!»

«የኔ ከገደሉ ሥር ካለው ቁልቋል ነው በይ!» አሉ አያ እንዳለው።

«የሱ ያምና ነው፣ የኔን አስቀድሚ!»

ጣቷ አልደርስ አላት።

ሰኞ አያ እንዳለው በጠዋት ክፍሏ መጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። «ለሌላ ጉዳይ ነው የመጣሁት» አሉ እንጂ ዓይናቸው ከስልኳ አልተነሣም። ረፋድ ላይ ጮኸ።

«ገጹን አየሁት» አለ ነጋዴው። «ያን የቁልቋል ማር የቆረጡትን ሰው ማነጋገር እችላለሁ?»

ስልኩን ሰጠቻቸው። አያ እንዳለው ብድግ አሉ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ «አቤት፣ እንዳለው ነኝ» አሉ። ነጋዴው ሐሙስ በወልድያ በኩል እንደሚመጣ ነገራቸው። ቀጥሎም አንድ ነገር ጠየቃቸው። እሳቸው ማንጠግቦሽን በዓይናቸው ጠቀስ አደረጓት።

«ቀፎውን ሲመጡ ያዩታል፣ ጌታዬ» አሉ፤ «ማሩን ግን አሁኑኑ ልንገርዎ።»