ጀልባ ጭነን ወደ ሐይቅ የወጣንበት ቅዳሜ

ኮምቦልቻ፣ ከንጋቱ 11፡30

ጎሕ ሲቀድ አይሱዙው በራችን ላይ ቆሟል። በላዩ አምስት ሜትር ተኩል የምትረዝም ጀልባ በአሮጌ ጎማዎች ላይ ተኝታለች። ሆዷ ነጭ፣ ጠርዟ አረንጓዴ ነው። ምሰሶዋን ነቅለን ከጎኗ አስረነዋል። ሹፌሩ ኡስማን ሁለቴ ዞራትና ገመዱን ጎተት እያደረገ ፈተሸ።

«ሲሚንቶ ጭኛለሁ፣ በሬ ጭኛለሁ» አለ፤ «እንዲህ ያለ ነገር ግን ጭኜ አላውቅም።»

አጎቴ ሰኢድ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጋቢና ገብተዋል። ሰባ ሊሞላቸው ነው። ወጣትነታቸውን አሰብ ላይ የሸራ ጀልባ ሲጠግኑና ሲነዱ ነው ያሳለፉት። ከዚያ ከወጡ ወዲህ ባሕር አላዩም። ይህችን ጀልባ ሁለት ዓመት ሙሉ እሳቸው እያሳዩኝ፣ እኔ ከፈትል ፋብሪካ ሥራዬ ስወጣ እየቆረጥኩና እየበየድኩ ሠራናት።

የጀልባዋ ቁም ነገር ከሆዷ ሥር ያለው ብረት ነው። አጎቴ «እግሯ» ይሉታል። ዘጠና ኪሎ የሚሆን ወፍራም ብረት ነው። ጥልቅ ውኃ ላይ ሲወርድ በክብደቱ እንዳትገለበጥ ይይዛታል፣ ንፋስም ወደ ጎን እንዳይገፋት ያደርጋል። ዳር ስትደርስ ደግሞ በገመድ ይሳብና ወለሉ መሐል ባለ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ይታጠፋል። ያኔ ጉልበት በማይደርስ ውኃ ላይ እንኳ ትሄዳለች። ይህ ሁሉ ብረት የተንጠለጠለው ግን በአንድ ብሎን ነው።

ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ ያ ብሎን ነው። አጎቴ «ጠንካራ ይሁን፣ ከቀዳዳው ጋርም ልክ ይሁን» ብለውኝ ነበር። ፈልጌ ሳጣ ከግንባታ ፌሮ በቶርኖ አስቆርጬ፣ ከቀዳዳው ትንሽ የቀጠነ ብሎን ከተትኩ። ቀለም ቀባሁትና ዝም አልኩ።

ሐረጎ፣ 12፡40

ዳገቱ ይጠማዘዛል። ኮንቴይነር የጫኑ ተሳቢዎች ከፊታችን እያቃሰቱ ይወጣሉ። ቁልቁል ኮምቦልቻ በጉም ተሸፍናለች፤ የፋብሪካ ጣሪያ ብቻ እዚህም እዚያም ይታያል። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ከኋላ «ኳ» ይላል።

«ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አሉ አጎቴ።

«ምሰሶው ይሆናል፣ ጋሼ።»

ዞር ብለው አዩኝና ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። የሚንኳኳው ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ደሴ፣ ፒያሳ፣ 2፡00

ብርዱ አጥንት ይገባል። መኪናውን ካቆምንበት ጥግ ሰው ተሰበሰበ። አንድ ባለባጃጅ «ውኃው የታለ?» ብሎ ሰውን አሳቀ። እኛ ፉል አዘዝን። ኡስማን ይበላል፣ አጎቴ ይበላሉ፣ እኔ ዳቦውን እቆራርሳለሁ።

«መጀመሪያ ብቻዬን ነው የምወጣው» አሉ አጎቴ። «አንተ ዋና አትችልም። ደህና መሆኗን ሳውቅ አስገባሃለሁ።»

ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ። «ጋሼ፣ የእግሯ ብሎን እርስዎ ያሉኝ አይደለም» አልኩ። ስለ ፌሮውም፣ ስለ ቀለሙም፣ ሐረጎ ላይ ስለዋሸሁትም ነገርኳቸው።

እጃቸውን በቀስታ ጠረጉ። «መቼ ልትነግረኝ ነበር? ውኃው ላይ ከወጣሁ በኋላ?»

ኡስማን ሻዩን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ።

«ተነሳ» አሉ አጎቴ፤ «አውጣውና እንየው።»

መኪናው ላይ ወጣሁ። እግሩን በእንጨት ደግፌ ብሎኑን መታሁት። ሲወጣ መሐሉ ላይ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ጎድጉዷል፤ ትንሽም ጎብጧል። ገና ውኃ ሳይነካ መንገዱ ብቻ እንዲህ አድርጎታል። አጎቴ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ የሚባለው ሰፈር፣ 3፡30

ቀዳዳውን በእንጨት ለካሁ። ከእንጨቱ ጋር የሚገጥም ብረት ፍለጋ በሰውና በጋሪ መሐል እየተጋፋሁ የአሮጌ ብረት ነጋዴዎቹን አዳረስኩ። አንዱ ጋ ወፍራም፣ ሌላው ጋ አጭር ሆነብኝ። አምስተኛው ጋ የምትሸጠው ሴት የከባድ መኪና ሞላ የሚያያዝበትን ፒን አወጣችልኝ። እንጨቴን አስጠጋሁት፤ ልክ ነው።

«ለየትኛው መኪና ነው?»

«ለመኪና አይደለም። ለጀልባ ነው።»

ሳቀች። ፊቴን ስታይ ግን ሳቋን ተወችው። «ሰው የሚቀመጥባት?»

«አጎቴ።»

ፒኑን ከእጄ ተቀበለችና ወደ ብርሃኑ አዞረችው። «እንግዲያው ይህን አልሰጥህም፤ ጫፉ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለው» ብላ ከጆንያ ሥር በልኩ ሌላ አወጣች። «ይኸው ደህናው። አላህ በሰላም ያግባችሁ።»

አጎቴ ፒኑን በሁለት ድንጋይ መሐል አድርገው በመዶሻ መቱት፣ ድምፁን አዳመጡ፣ ግሪስ ቀቡት። ፒኑን ቀዳዳው ውስጥ ከትተን ከደሴ ወጣን። በኋላ «ሁለታችንም ነን የምንወጣው» አሉ። «የሠራ ሰው በሠራው ላይ ይቀመጥ።»

ሐይቅ፣ 8፡15

ስምንት ዓሣ አጥማጆች አግዘውን ጀልባዋ ውኃ ነካች። ተንሳፈፈች። ምሰሶዋን ተክለን ሸራዋን ሰቀልን። አንዱ አጥማጅ «ከቀትር በኋላ ንፋሱ ክፉ ነው» አለን። አጎቴ «ንፋሱን ነው የምንፈልገው» ብለው ገቡ። እኔም ባዶ የላስቲክ ጄሪካን ወገቤ ላይ አስሬ ገባሁ።

እግሯ ታጥፎ ሳለ እንደ ቅጠል ወደ ጎን ትንሸራተታለች። ጥልቁ ላይ ስንደርስ ገመዱን ለቀቅሁ። ብረቱ ወረደ፣ ሸራው ተወጠረ፣ ጀልባዋ ቀጥ ብላ ወደ ፊት ሄደች። እንዲህ ትሄዳለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ንፋስ መጣ። ዘንበል አለች፣ ጠርዟ ውኃውን ሊነካ አንድ ስንዝር ቀረው። ዓይኔ ከሳጥኑ አልተነሳም። ከፒኑ ሥር ውኃ ጠብ ጠብ ይላል።

«ያፈሳል፣ ጋሼ።»

«ማሸጊያ ላስቲኳ ነው። ፒኑ ይንኳኳል?»

አዳመጥኩ። «አይንኳኳም።»

ከዚያ በላይ አልተጋደመችም። ንፋሱ ሲያልፍ ራሷ ቀና አለች። አጎቴ መሪውን ሲያዞሩ እሷም ዞረች፤ ፊታቸው ላይ ሁለት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ያላየሁት ነገር አየሁ።

ፍርሃቱ ስንመለስ ባሰ። እግሩን ለማንሳት ገመዱን ስስብ ግማሽ ላይ ቆመ። ንፋሱ ወደ ድንጋያማው ዳር እየገፋን ነው። «ሣር ይዞት ነው» አሉ አጎቴ። ገመዱን ለእሳቸው ሰጥቼ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ። ብረቱ ቢወርድ ክንዴን ይቆርጠዋል። የተጠማዘዘ የሐይቅ ሣር ጨበጥኩና ነጨሁ፣ ደግሜ ነጨሁ። «ሳቡ!» አልኩ። ሳቡ። እግሩ ገባ፣ ጀልባዋም ድንጋዮቹን ሳትነካ አልፋ ሣሩ ላይ ወጣች።

ክንዴ ተልጦ ይደማል። አጎቴ ሻሻቸውን ቀደው አሰሩልኝ።

«ከእንግዲህ ያጠፋኸውን ደረቅ መሬት ላይ ሳለን ንገረኝ» አሉ።

«እሺ፣ ጋሼ።»

የከሰዓት በኋላው የዐስር ሰላት ደርሶ ነበር። ጫማቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ድረስ ውኃው ውስጥ ገቡና ውዱእ አደረጉ። ፊታቸውን ከታጠቡ በኋላም ቶሎ አልወጡም፤ እጃቸውን ውኃው ውስጥ እንደነከሩ ቆዩ። እኔ የጀልባዋን ገመድ ይዤ ጠበቅኋቸው።