አባዬ ያልተነሳላቸው መዝሙሮች

ልጅ እያለሁ ቅዳሜ ጠዋት የጓደኞቼ ቤት ፓንኬክ ይሸት ነበር፤ የእኛ ቤት የጫማ ቀለም። አባዬ ወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፎ ጥቁር ጫማውን ይወለውላል። አንዳንዴ እጁ ካልጠገበ የእኔን ስኒከር ሳይቀር ያነሳል። ሲወለውል ከንፈሩን ሳይከፍት አንድ ዜማ ያንጎራጉራል፤ የኮሌጁን መዝሙር። ሥራው ዳውንታውን የሰው መኪና ፓርክ ማድረግ ነበር፤ ለዚህ ሥራ ያን ያህል የሚያብረቀርቅ ጫማ ምን እንደሚያደርግለት ለእማዬም ለእኔም ገብቶን አያውቅም። ስንጠይቀው «ኮሌጃችን እንዲህ ነው ያስተማረን» ይላል፤ ነገር አለቀ።

አባዬ አገር ቤት መኮንን ነበር። ሦስት ዓመት የተማረበት የጦር ኮሌጅ መንግሥት ሲለወጥ ተዘጋ፣ ሠራዊቱም ተበተነ። በሱዳን በኩል ሲሰደድ ከንብረቱ ሁሉ ያተረፈው የኮሌጁን ዓርማ ብቻ ነው፤ ኮሌታው ውስጥ ደብቆ። አትላንታ ሲደርስ ካሮጌ ልብስ መሸጫ አንድ ሰማያዊ ኮት ገዛ፤ እማዬ ዓርማውን ደረቱ ላይ ሰፋችለት። ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፊ ነው፤ ቢሆንም ለሠርግም ለልቅሶም የሚለብሰው እሱኑ ነው። እማዬ «ሰውዬው ሁለት ጊዜ ነው ያገባው፤ እኔ ሁለተኛዋ ነኝ» እያለች ትስቅበት ነበር።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ኅዳር ላይ ትምህርት ቤታችን ለቀድሞ ወታደሮች ክብር ፕሮግራም አዘጋጀ። አስተማሪያችን «ከቤተሰባችሁ ወታደር የነበረ ያላችሁ?» ስትል የእኔ እጅ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። ከዚያ በፊት ስለ አባቴ ሥራ በተጠየቅኩ ቁጥር ዴስክ ሥር መግባት ነበር የሚያምረኝ። አሁን ተራዬ ደረሰ። የእኔም አባት ከጓደኞቼ አባቶችና አያቶች ጋር የፊት ወንበር ላይ ሊቀመጥ፣ ሊጨበጨብለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም።

ከሥራ አስፈቅዶ መጣ። ኮቱን ለብሷል፣ ጫማው ያበራል። እያንዳንዱ ልጅ ከእንግዳው ጎን ተቀምጧል። የሙዚቃ አስተማሪዋ የአሜሪካን ጦር ክፍሎች መዝሙር በየተራ በፒያኖ ትመታለች፤ በዚያ ክፍል ያገለገለ ሰው ይነሳል፣ አዳራሹ ያጨበጭባል። የምድር ጦሩ መዝሙር ተመታ፤ አምስት ሰዎች ተነሱ። አባዬ አልተነሳም። የባሕር ኃይሉ መዝሙር ተመታ፤ የአንዷ ጓደኛዬ አያት በከዘራ ተደግፈው ተነሱ። አባዬ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ «አባዬ፣ ጀስት ስታንድ አፕ አድርግ!» አልኩት።

«የኛ አይደለም፣ ሚሚዬ» አለኝ በቀስታ።

አየር ኃይሉም አለፈ። መዝሙሩ አለቀና ፒያኖው ተዘጋ። ከፊት ወንበር ያልተነሳው የእኔ አባት ብቻ ነበር። ከኋላዬ አንድ ልጅ እውነተኛ ወታደር እንዳልሆነ ለጓደኛው ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

መኪናው ድረስ ስሸኘው እያለቀስኩ ነበር። «ለምን አልተነሳህም? ማንም አያውቅም ነበር እኮ!»

«ኮሌጄ ምን ይለኛል?» አለ።

ይኼኔ ንዴቴ ገነፈለ። «ኮሌጅህ እኮ ክሎዝድ ነው! የለም!» ብዬ ጮኽኩበት።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ትላለች እማዬ። አባዬ የመኪናውን በር እንደያዘ ቆሞ አየኝ። «ማን ነገረሽ?» አለ፤ ወሬውን ገና ያን ቀን እንደሰማ ሰው። ከዚያ በመሐረቡ አፍንጫዬን ጠርጎ «በይ ግቢ፣ ክፍል እንዳያመልጥሽ» ብሎኝ ወደ ሥራው ሄደ። የዚያን ቅዳሜ ጫማውን ወለወለ፤ ዜማው ግን አልነበረም። ስኒከሬን ይዤ መጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ይቅርታ የሚለው ቃል በአማርኛም በእንግሊዝኛም አልመጣልኝም።

ከዓመታት በኋላ ሚድታውን ካለ ዩኒቨርሲቲ ስመረቅ፣ የትምህርት ቤቱ መዝሙር ገና ሲጀመር አባዬ ከወላጆች ሁሉ ቀድሞ ተነሳ። በሩቁ አየዋለሁ፤ ግጥሙን ከወረቀቱ ላይ እያነበበ፣ በዚያ እንደፈለገ በማይታዘዝለት እንግሊዝኛው ይዘምራል። ስንገናኝ ከደስታው በፊት ጥያቄው ቀደመ።

«አንቺ ለምን አልዘመርሽም?»

«ግጥሙን አላውቀውም።»

«አራት ዓመት ሙሉ?»

እኔ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም፤ አዘነልኝ። በአሥራ አንድ ዓመቴ ምን ብዬ እንደጮኽኩበት የገባኝ ያኔ ነው፤ አፈርኩ።

ዛሬ አባዬ ጡረታ ወጥቶ ከአትላንታ ወጣ ብላ ባለችው ሮዝዌል ከእኛ ጋር ይኖራል። የኮሌጁ ግቢ ውስጥ አሁን ማን እንዳለ አናውቅም፤ እሱ ግን ከመኝታ ቤቱ እስከ ምግብ አዳራሹ ስንት እርምጃ እንደነበር ዛሬም ይነግርሃል። የእኔ ትምህርት ቤት ክፍት ነው። ከቢሮዬ በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ከተመረቅኩ ወዲህ አንድ ቀን ረግጬው አላውቅም፣ የሚልክልኝንም ደብዳቤ ሳልከፍት እጥላለሁ። አባዬ ይህን አያውቅም። ከሥራ ስገባ ቀና ብሎ ያየኝና ልክ የዘመድ ደህንነት እንደሚጠይቅ ሰው ይጠይቀኛል፦

«ትምህርት ቤትሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ አባዬ» እለዋለሁ። ደህና ይሁን አይሁን ግን አላውቅም።