ወንድሜ «ሚሊሻ ነኝ» ያለ ዕለት

በእኛ አገር ሰው ጠብመንጃ ስለያዘ ወታደር አይባልም። ገበያ ይዞት ይሄዳል፣ ሠርግ ይዞት ይሄዳል፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ከደጀ ሰላሙ ያኖረዋል። ሲያርስ ከማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ያስደግፈውና በሬዎቹን ባዞረ ቁጥር ዓይኑን ጣል ያደርግበታል። ጠብመንጃ የሌለው ወንድ ቀበቶውን ረስቶ የወጣ ይመስላል። ይኸን አስቀድሜ የምናገረው አገሩን የማያውቅ ሰው ወንድሜን ቀማኛ ነበር እንዳይለው ነው።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ከእርሻ መልስ እያንቀላፋሁ ነው። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ እጄ ነው እንጂ ነገሩ አልተንጋደደም።

ቤታችን ከደብረ ታቦር ወደ ጉና በሚያወጣው በኩል ነው። ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ ብርዱ አጥንት የሚገባ አገር ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ መሬቱን ከታላቅ ወንድሜ ጋር አብረን እናርስ ነበር። እኔ «ጋሼ» ነበር የምለው፣ እዚህም እንዲያው ጋሼ ልበለው። አባታችን ትቶልን የሄደ ነገር ቢኖር አንድ ምንሽር ጠብመንጃ ነው። የታላቅ ልጅ ነውና ለጋሼ ሆነ። ሰደፉ ተሰንጥቆ አባታችን በጠፍር ጠፍሮታል፤ ጠፍሩ ሲያረጅ ጋሼ በአዲስ ይለውጠዋል፣ ግን አባታችን እንዳሰረው አድርጎ ነው የሚያስረው፣ አንዲት ዙር አይጨምርም አይቀንስም።

የደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ላይ ገበሬ ማኅበሩ ሚሊሻ መለመለ። ለሦስት ጎረቤቶቻችን የመንግሥት ጠብመንጃና የመንግሥት ኮት ተሰጣቸው። ጋሼን «አንተ የራስህ አለህ» ብለው ጥይት ብቻ ሰጡት። እሱም «ጥይቱ የመንግሥት፣ ጠብመንጃው የአባቴ፣ ትከሻው የኔ» እያለ ይቀልድ ነበር። እኔን አንድ ዓይኔ በልጅነቴ ስለጠፋ አልፈለጉኝም።

ደብረ ታቦር ወስደው ሲያሠለጥኗቸው ስንቅ ላደርስለት ሄጄ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ሜዳ አሰልፈዋቸው አንድ መቶ አለቃ ያስተምራል። እኔም ከአጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ ሰማሁ።

«እጁን የሰጠ አይመታም። የቆሰለ አይረገጥም። መሣሪያ ያልያዘ ገበሬ አይነካም። ይኸ የጦርነት ሕግ ነው፣ ዓለም ሁሉ የተስማማበት ነው» አለ።

ጋሼ እጁን አወጣ። «ጌታው፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ጓድ በል!»

«እሺ፣ ጓድ ጌታው።»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። መቶ አለቃውም ሳቁ አመለጠው። «በል ጠይቅ» አለው።

«እኔ ጧት ሞፈር ተሸክሜ እወጣለሁ፣ ጠብመንጃውም አብሮኝ ይወጣል። እርፍ እንደጨበጥሁ ቢመጡብኝ ገበሬ ነኝ ወይስ ሚሊሻ?»

«እንደ አመጣጣቸው ነዋ!» አለና ወደ ሌላ ነገር አለፈ። እንደገና ተሳቀ። ጋሼ ግን አልሳቀም። ድርቆሹን እየበላ «ጥሩ ሰው ነው» አለኝ። «ግን አልመለሰልኝም።»

የሚመጡት እነማን ናቸው ለሚል፣ መንግሥት ወንበዴ ይላቸው ነበር፣ እነርሱ ታጋይ ነን ይላሉ። እኛ «ሰዎቹ» ብለን እንተወው ነበር። ጋሼ ከሥልጠና ተመልሶ ያንን ኮት የሌለው ሚሊሻነቱን ረስቶ ማረሱን ቀጠለ። በማንም ላይ አንድ ጥይት አልተኮሰም።

ገብሱ ታጭዶ ክምሩ በየአውድማው እንደቆመ የአክስቴ ባል ሞተ። ትልቅ ሰው ነበር፣ ለቅሶው በሜዳ ሆነ። ፈረሱ ተጭኖ ቆመ፣ አልባሱ ተዘረጋ፣ አልቃሽ ወጣች። በእንዲህ ያለ ለቅሶ ወንድ ዘመድ በየተራ እየወጣ ይፎክራል፣ ወደ ሰማይ ይተኩሳል። ሟች ወንድ እንደነበር፣ ወገንም እንዳለው ማሳያ ነው። የመንግሥት ጥይት ለለቅሶ ስለማይፈቀድ ሦስቱ ሚሊሻዎች ኮታቸውን ለብሰው ዳር ቆሙ። መጀመሪያ የወጣው ጋሼ ነበር። ፎከረ፣ በገዛ ጥይቱ ተኮሰ፣ ደገመ።

ለካ ሰዎቹ ከበላያችን ባለው ጠርዝ ያልፋሉ። የተተኮሰባቸው መሰላቸው። ከዚያ ማዶ ጥይት በላያችን ላይ ያፏጭ ጀመር። ሰው ተደፋ፣ ሴቶቹ ሬሳው ላይ ወደቁ፣ ፈረሱ ተፈትልኮ ሄደ። እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልተመታም። ጠብመንጃ የነበራቸው ገበሬዎች ጠብመንጃቸውን ከገብሱ ክምር ውስጥ ወሸቁት። ጋሼ ግን ከሬሳው ፊት እንደቆመ ቀረ። ሬሳ ፊት ጠብመንጃ ጥሎ መሸሽ በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

ወርደው ከበቡን። መሪያቸው የላስቲክ ጫማ ያደረገ ቀጭን ወጣት ነው፤ አማርኛው እንደ እኛው ነው። ሦስቱን ሚሊሻዎች በኮታቸው ለይተው ጠብመንጃቸውን ተቀበሏቸው። ከዚያ መሪው ወደ ጋሼ ሄደና ምንሽሩን ወስዶ አፈሙዙን አሸተተ።

«አንተ ነህ የተኮስህ?»

«እኔ ነኝ።»

«በማን ላይ?»

«በሰማይ ላይ።»

«ለምን?»

«የአክስቴ ባል ሞቶ። ሬሳው እኮ ያው፣ አታየውም እንዴ?»

«ሚሊሻ ነህ?»

«ጠብመንጃው የአባቴ ነው።»

«ስለ ጠብመንጃው መቼ ጠየቅሁህ? አንተ የማን ነህ?»

«የእናቴ።»

ያን ያህል ሲያለቅሱ የነበሩት ሴቶች ሳቁ። ከታጣቂዎቹም አንዱ አፉን በእጁ ያዘ። እኔም ሳቅሁ። ምነው ባልሳቅሁ፤ ጋሼ ሰው ከሳቀለት በኋላ ቃሉን አጥፎ አያውቅምና።

መሪው አልሳቀም። ለሁላችንም እንዲሰማ አድርጎ ተናገረ። «ስሙኝ። ሚሊሻ ከሆነ የተዋጋ ሰው ነው፣ ተማርኳል። ምርኮኛ አይገደልም፣ አይገረፍም። መሣሪያው ይቀራል፣ እሱ ተምሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሚሊሻ ካልሆነ ግን በማን ትእዛዝ ተኮሰ? በገዛ ትእዛዙ የሚተኩስ ሽፍታ ነው። ሽፍታ ምርኮኛ አይባልም። ይፈረድበታል።»

አክስቴ፣ ያች ባሏ ገና ያልተቀበረላት ሴት፣ ከሬሳው አጠገብ ተነሥታ ጮኸች። «አንተ ልጅ፣ በሞቴ፣ አዎ በል!»

«ጋሼ፣ አዎ በላቸው» አልሁት እኔም።

«ዝም በል አንተ» አለኝ። እጁን ሲያስሩት ጠጋ ብዬ ለምን እንዲህ እንደሚሆን ጠየቅሁት። «ሚሊሻ ነኝ ካልሁ ጠብመንጃው የመንግሥት ነበር ማለት ነው። ተማረከ ይባላል። የአባቴን ጠብመንጃ ማን ነው የሚማርከው? ደግሞስ መቼ ተዋጋሁ? ለቅሶ ነው የመጣሁት» አለኝ። አራቱንም ይዘዋቸው ወደ ጋይንት በኩል ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ ሦስቱ ሚሊሻዎች ተመለሱ። ማንም አልነካቸውም። ትምህርት ሰጥተው፣ ስንቅ አስይዘው ሰደዷቸው። አንደኛው አንገቱን ደፍቶ «ምግቡስ ከቤቴም የተሻለ ነበር» አለኝ። ጋሼን ግን ለብቻ አግልለው፣ ሽፍታ ከሚሏቸው ጋር ለፍርድ አስቀምጠውታል። ለሽፍታ የሚፈረደው ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ሽማግሌ ተሰበሰበና የነፍስ አባታችንን ይዘን ሄድን። መሪውን ከአንድ ወይራ ሥር አገኘነው። ያው ቀጭኑ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹን ሲያይ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው። ትልቁ ሽማግሌ ተናገሩ። «ልጃችን ሚሊሻ ነው። ደብረ ታቦር ነው የሠለጠነው። እኛ እንመሰክራለን።» ሚሊሻ የሚለውን ስም ከሰዎቹ ስንደብቅ የኖርን ሰዎች ያን ቀን ስሙን እንደ ማዕረግ ተሸክመነው ሄድን።

«አባቶቼ፣ ቃላችሁን አከብራለሁ» አለ መሪው። «ግን እሱ በሰው ፊት ሲጠየቅ ነኝ አላለም። ከሆነ ራሱ ይበል።»

ጋሼን አመጡት። አልደበደቡትም፤ ከስቷል፣ ከንፈሩ ደርቋል። መሪው ያንኑ ጥያቄ ጠየቀው። ጋሼ «ጠብመንጃውስ?» አለ።

«ይቀራል ብዬሃለሁ።»

ጋሼ ፊቱን አዞረ። ይኼኔ ከመሬት ትልቅ ድንጋይ አንሥቼ ማጅራቴ ላይ ጫንሁና ተንበረከክሁ። በእኛ አገር በዳይ ተበዳይን፣ ትንሽ ትልቁን እንዲህ አድርጎ ነው የሚለምነው። ሁሉም መሪውን የምለምን መስሏቸዋል። እኔ ግን ፊቴን ወደ ጋሼ አዞርሁ። «ስለ ልጆችህ» አልሁት። ቄሱም መስቀላቸውን አወጡ።

ጋሼ አየኝ። «ድንጋዩን አውርድ» አለኝ።

«አላወርድም።»

«አንተ ደረቅ!»

«አንተስ ከማን ታንሳለህ!»

ከዚያ በኋላ ወደ መሪው ሳያይ፣ እኔን እያየ፣ «ሚሊሻ ነኝ» አለ።

መሪው እጁን ፈታለት። «ይኸን ያን ዕለት ብትል እስከ ዛሬ ቤትህ ነበርህ። አሁን ምርኮኛ ነህ፣ ሂድ። ግን ዳግመኛ መሣሪያ ይዘህ ብትገኝብን ያኔ ምሕረት የለም» አለው። ምንሽሩን ከሌሎቹ መሣሪያዎች ጋር ተደርድሮ አየሁት። ጠፍሩ ይታያል። ጋሼ ወደዚያ አልዞረም።

ስንመለስ ከመንደራችን በላይ ካለው ጠርዝ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ወደፊት አለፉ። ጋሼ ከአንድ ድንጋይ ኋላ ቁጭ አለ። ትከሻው ባዶ ሆኖ በቀን መግባት አልፈለገም። እኔም አጠገቡ ተቀመጥሁ። ታች ገብስ ይወቃል።

«ነፍስህን አተረፍህ እኮ» አልሁት።

«የሚሊሻን ነፍስ ነው ያተረፍሁ» አለኝ። «የኔን ማን ጠየቀኝ?»

ሲመሽ ተነሥተን ወረድን። ዛሬ ዛሬ በሬዲዮ የተማሩ ሰዎች ስለ ጦርነት ሕግ ሲናገሩ እሰማለሁ፤ ያ መቶ አለቃ የተናገረውን ነው የሚናገሩት። ክፉ ሕግ አይደለም። ሦስት ጎረቤቶቼን በሰላም መልሶልኛል። ያ መሪም በሕጉ ነው የሄደ፣ አልቀየመውም። የሚቆጨኝ ሕጉ ሁለት በር ብቻ ያለው መሆኑ ነው። ወንድሜ ጠብመንጃ የያዘ ገበሬ ነበር፣ እንዲህ ያለ ሰው የሚገባበትን በር ማንም አላሳየውም። በሌላ ሰው በር እኔ ገፍቼ አስገባሁት። ባልገፋው ይሞት ነበር። ይኸንንም አውቃለሁ።

ክረምቱ አልፎ ውጊያው ወደ ደብረ ታቦር ሲጠጋ ገበሬ ማኅበሩ ሚሊሻውን ጠራ። ሦስቱ ጎረቤቶቻችን ላለመሄድ በየዘመዱ ቤት ተበተኑ። እኔም ጋሼን «ጣራ ገዳም ሂድና ከመነኮሳቱ ዘንድ ሰንብት፣ መንግሥትም ይረሳሃል» አልሁት።

«ሚሊሻ ነኝ ብያለሁ እኮ» አለኝ።

«ለነፍስህ ብለህ ነው ያልህ!»

«ለምን እንዳልሁ ማን ጻፈው? ያልሁትን ግን ሽማግሌ ሰምቷል፣ ቄስ ሰምቷል። ወይ ያን ዕለት ዋሽቻለሁ፣ ወይ ዛሬ እሄዳለሁ።»

«ዳግመኛ ብትያዝ ምሕረት የለም ተብለሃል፣ ጋሼ።»

«ሰምቻለሁ። አጠገብህ አልነበርሁም እንዴ?»

የመንግሥት ጠብመንጃ ተቀበለ። ኮትም ሰጡት፣ እጅጌው አጥሮት ክንዱ ውጭ ቀርቷል። «አሁንስ ሚሊሻ መሰልሁ?» አለኝ፤ ከለቅሶው ወዲህ ሲቀልድ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ድንጋይ ፈለግሁ። እውነቴን ነው፣ ዓይኔ መሬት መሬቱን አየ። ግን በሰዎቹ ፊት ተሸክሜ አንድ ጊዜ ለምኜዋለሁ፣ እሱም አንድ ጊዜ ሰምቶኛል። ደግሜ ምን ብዬ ልለምነው? ሸኘሁት።

አልተመለሰም። ከውጊያው በኋላ የተለቀቁ ምርኮኞች በቡድን በቡድን ሲያልፉ መንገድ ዳር እየቆምሁ ጠየቅሁ። «እጅጌው ያጠረ ኮት የለበሰ» እላለሁ። አንዱ ወድቋል ይላል፣ ሌላው ሲያዝ አየሁት ይላል። ሲያዝ አየሁት ያለኝን ሰው «ዳግመኛ መያዙ መሆኑን አወቁ?» ብዬ ጠየቅሁት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም፣ ሄደ።

ልጆቹ አድገዋል። ስለ አባታቸው የሚጠይቁኝ ሰዎች ዛሬም አሉ። ማረሱን፣ ጨዋታውን፣ ሰው መውደዱን ቀድሞ የሚጠይቀኝ ግን የለም፤ ሁሉም መጀመሪያ «ሚሊሻ ነበር?» ነው የሚለኝ። አዎ እላለሁ። እሱ ራሱ ካለው በኋላ እኔ ምን ብዬ ልካድ።