ትምህርት ሲከፈት የተበላሸው ዳቦ

ዙሀራ ረዲ ዳቦ መጋገር የጀመረችው ርቧት አልነበረም። በ1963 ዓ.ም. ክረምት፣ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ጨርሳ፣ አሰላ በዝናብና በጉም ታፍና ቤት በዋለችበት ሰሞን፣ አባቷ ከፉርኖ ቤት ያመጡትን ዳቦ ለሁለት ገምሳ ውስጡን ስታይ ሻይዋ ቀዘቀዘባት። ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። እናቷ አስያ የምትጋግረው ዳቦ ግን ድፍን ነው፤ አንድ ቁራሽ ሆድ ይሞላል።

«እማ፣ ይሄን ሁሉ ቀዳዳ ምን ሠራው?»

«አይጥ» አለች እናቷ። «ብዪ፣ ሳይደርቅ።»

በላች፤ ጥያቄው ግን አልለቀቃትም። በፉርኖ ቤቱ የጓሮ በር ቆማ፣ ጋጋሪው «ኮቱ፣ ነይ! ወይ ግቢና እንጨት አቀብዪኝ፣ ወይ በሩን ዘግተሽ ሂጂ፤ ብርድ አስገባሽብኝ» ብሎ እስኪያባርራት ድረስ ሥራውን አየች። ሁለት ነገር ይዛ ተመለሰች። ሊጡ አንዴ ኩፍ ካለ በኋላ ተድቦልቡሎ ዳግመኛ ኩፍ ይላል። እሳቱም ከታች ብቻ አይደለም፤ ከላይም ከጎንም ነው።

አባቷ አቶ ረዲ ከሱቃቸው ጀርባ የጣሉት፣ ወገቡ የዛገ የጋዝ በርሜል ነበራቸው። ለምና ወሰደችው። ብረት ሠሪ አሳጥሮ አፍ አወጣለት። ዙሪያውን በጭቃና በጭድ መረገችው፤ መሐሉ ላይ ሳህን የሚያስቀምጥ ዘንግ አስገባችበት፤ ፍሙ ግማሹ ከታች፣ ግማሹ ከላይ በቆርቆሮ ላይ እንዲሆን አደረገች። የጋዙ ሽታ እስኪለቅ ባዶውን አነደደችው። የእሳቱን ልክ የምታውቀው ባዶ ሳህን ላይ ዱቄት ነስንሳ በማስገባት ነው፤ ዱቄቱ ወዲያው ከጠቆረ እሳቱ በዝቷል፤ ነጭ እንደሆነ ከቆየ አንሷል፤ ቀስ እያለ የቆሎ መልክ ከያዘ ሊጡ ይግባ።

የመጀመሪያው ዳቦ አንድ ጎኑ አረረ። ሁለተኛው ጨው ተረስቶበት ወጣ። ከዚያ በኋላ ግን ክረምቱን ሙሉ አማረላት፤ ቀዳዳውም እንደ ፉርኖ ባይሆንም ከእናቷ ዳቦ ይሻል ነበር። አቶ ረዲ ሱቅ ውስጥ ለደንበኛ ሳይቀር «ቅመሱ እስቲ፣ የልጄ እጅ ነው» ይሉ ጀመር።

መስከረም ላይ ትምህርት ተከፈተ። ዙሀራ ዘጠነኛ ክፍል ገባች። ጠዋት ወጥታ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች፤ የቤት ሥራው ለብቻው አንድ ሥራ ነው። ቢሆንም ለየሥራው ቀን መደበች። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቤት በኩል ሮጣ፣ ስንዴዋን በቁና ይዛ፣ ወፍጮ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ትደርሳለች። ዓርብ ማታ ታቦካለች። ቅዳሜ ትጋግራለች። በዚህ መካከል ደብተሯን ምድጃው አጠገብ ዘርግታ ታጠናለች፤ የጂኦግራፊ ደብተሯ ጥግ ጥጉ በሊጥ ደርቆ ነበር።

ዳቦው ግን ተበላሸ።

ከውጭ ሲያዩት ያምራል፤ እንዲያውም ከክረምቱ የበለጠ ቀልቷል። ቢላዋ ሲገባበት ውስጡ ሙጫ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እሳት ላይ አቆየችው፤ ጀርባው አረረ፣ ልቡ ያው ሙጫ። በሌላው ሳምንት እሳቱን ቀነሰች፤ ባሰበት። ትምህርት ቤት ይዛ ሄዳ ስታስቀምስ፣ አጠገቧ የሚቀመጠው ፍሰሐ አንድ ጊዜ ነክሶ አቆመና፦

«ዙሀራ፣ ትንሽ ጨምሪልኝ» አላት።

«ጣፈጠህ?»

«አይ፣ የደብተሬ ሽፋን ተገንጥሏል።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እሷም ሳቀች፤ ግን ከሳቁ ሥር አንድ ነገር ከነከናት። ቀመሰችው። ለምንድን ነው የሚጣፍጠው? ስኳር አላስገባችም።

ኅዳር ላይ አቶ ረዲ አንዱን ቁራሽ አንስተው በጣቶቻቸው መካከል አድቦለቦሉት። እንደ ጠጠር ክብ ሆነ። ግድግዳው ላይ ወረወሩት። ተለጠፈ።

«አየሽ?» አሉ። «ክረምት ላይ አንድ ሥራ ነበረሽ፤ ዳቦው ዳቦ ነበር። ትምህርት ሲከፈት ሐሳብሽ እዚያ ቀረ፣ እጅሽ ብቻ ሊጥ ውስጥ ገባ። ሁለቱን አንድ ላይ አልቻልሽም።»

«አባ፣ እንደ ክረምቱ ነው የማደርገው። ምንም አልቀየርኩም።»

«እሱን ለዳቦው ንገሪው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ይህ ሲሆን ነገሩ የተቆረጠ ነው። «ለአረፋ ወንድሜ ከነቤተሰቡ ከጮሌ ይመጣል። ያን ቀን ሰው ፊት የሚቀርብ ዳቦ ካወጣሽ፣ ጋግሪ። ካላወጣሽ በርሜሉ ይፈርሳል፤ ደብተርሽን ይዘሽ ትቀመጫለሽ።»

ዙሀራ በርሜሉ እንዲፈርስ አልፈለገችም። ምን እንደተበላሸ ሳታውቅ ቢፈርስ ደግሞ እንቅልፍ አይወስዳትም።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ብርዱን ነው። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው የኅዳር ንፋስ ሊጡን አኮማትሮት ይሆናል። እርሾውንም ጠረጠረች። አዲስ የተገዛውን ስንዴ፣ ውኃውን፣ በርሜሉ ላይ የተሰነጠቀውን ጭቃ ሁሉ ጠረጠረች። አንድ ቅዳሜ ከስንዴው በቀር ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለወጠች፤ ሊጡን በብርድ ልብስ ጠቀለለች፣ እርሾ ከጎረቤት አመጣች፣ ውኃውን አፈላች፣ ጭቃውን መረገች። ዳቦው ትንሽ ተሻለ፤ የቱ እንዳሻለው ግን አላወቀችም።

ይህንን ለሳይንስ አስተማሪዋ ነገረችው። ህንዳዊ ነው፤ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ሲመጣ ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ያዳምጣል።

«አራት ተጠርጣሪ በአንድ ገመድ አስረሽ ነው የገረፍሽው» አላት። «አንዱን ብቻ ለውጪ። ሌሎቹን እንዳሉ ተያቸው። እኔ ዳቦ አላውቅም፤ ሲገኝ ግን ንገሪኝ።»

ከዚያ በኋላ አንድ አንዱን ያዘችው። ሊጡን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ምድጃው አጠገብ፣ ግማሹን ብርድ ላይ አሳደረች፤ የብርዱ ዘግይቶ ተነሳ እንጂ ሲጋገር ሁለቱም ሙጫ ሆኑ። ብርዱ ነፃ ወጣ። በሚቀጥለው ሳምንት እርሾው ነፃ ወጣ። ውኃውም፣ የበርሜሉ ጭቃም ወጣ። የቀረው ዱቄቱ ነው።

ከአባቷ ሱቅ የፋብሪካ ዱቄት በስኒ ለመነች። አንዱን ዳቦ በእሱ፣ አንዱን በራሷ ዱቄት አቦክታ፣ የፋብሪካውን አናት በቢላዋ ጭረት ምልክት አድርጋ አንድ በርሜል ውስጥ አስገባቻቸው። ሲወጡ ጭረት ያለበት ውስጡ ደረቅ፣ ባለ ቀዳዳ። ጭረት የሌለው ሙጫ።

«ስንዴው ነዋ!» አለች እናቷ፤ እሷም ሳታስበው ነገሩ ይዟት ነበር። «አዲሱ ስንዴ ዝናብ ነክቶት ይሆናል።»

ዙሀራ ከዚያው ስንዴ ጥቂት አንስታ በቤት ወፍጮ፣ በድንጋዩ፣ ራሷ ፈጨችው። ለአንድ ትንሽ ዳቦ የሚሆን ዱቄት ለማውጣት ክንዷ ዛለ፤ ያጠናችው ባዮሎጂ ሁሉ ከላብ ጋር የወጣ መሰላት። ዳቦው ግን አማረ። ሻካራ ነው፤ ሙጫ የለበትም።

ስንዴውም ነፃ ወጣ። ስንዴው ደህና፣ ዱቄቱ መጥፎ። በመካከላቸው ያለው ወፍጮ ቤቱ ብቻ ነው።

ሐሙስ ዕለት የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ስፖርት ነበር። አስፈቅዳ ቀረችና ቀድማ ወፍጮ ቤት ደረሰች። ወፍጮው ይጮኻል፤ ወፍጮውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ይጮኻል፤ ባለ ወፍጮው ጋሼ ገብረኪዳን ከሁለቱም በላይ ይጮኻሉ። ቅንድባቸው ነጭ፣ ጆሯቸው ነጭ፣ ሽፋሽፍታቸው ነጭ።

«ዙሀራ! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች? ነይ፣ ከእነዚህ ቀጥሎ አንቺ ነሽ።»

«አይ ጋሼ፣ እኔ እንደሁልጊዜው መጨረሻ ላይ ነኝ። እስከዚያ ልይ።»

«ምኑን?»

«ወፍጮውን።»

«ወፍጮ ምኑ ይታያል!» አሉና ሳቁ።

ቆማ አየች። ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍ፣ እንደገና ስንዴ። ሴቶቹ ዱቄታቸውን ተሸክመው እየወጡ ቤቱ ጭር አለ። ሲመሽ ሌሎች ሴቶች መጡ፤ ከፊታቸው ጎረቤቷ እትዬ በቀለች፣ ከሰፈሩ ጫፍ ጠላ የሚሸጡት። ጆንያቸውን ሲፈቱ ዙሀራ ጎንበስ ብላ አየች። ገብስ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ፍሬ የደረቀ ቀጭን ጭራ አለው።

«እትዬ በቀለች፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ብቅል ነዋ የኔ ልጅ። ገብሱን ትዘፈዝፊዋለሽ፣ በቅጠል ሸፍነሽ ታበቅዪዋለሽ፣ ታደርቂዋለሽ። እናንተ ቤት የለም እንጂ።»

«ለምን ሲመሽ አመጡት?»

«ምን ላድርግ፣ ጋሼ ገብረኪዳን ቀን አያስገቡንም። ብቅል የመጨረሻ ነው።»

ብቅሉ ተፈጨ። ወፍጮ ቤቱን ጣፋጭ ሽታ ሞላው። እትዬ በቀለች እንደጨረሱ ጋሼ ገብረኪዳን እጃቸውን ወደ ዙሀራ ቁና ዘረጉ።

«አምጪ፣ ልዝጋ።»

ዙሀራ ስንዴዋን አልሰጠችም። እጇን ዱቄቱ ከሚወጣበት ሥር አስገብታ፣ እዚያ የቀረውን ጠርጋ ቀመሰች። ጣፋጭ ነው። ለወራት ዳቦዋ ውስጥ የነበረው ጣዕም ነው።

«ጋሼ፣ ከብቅል በኋላ የሚፈጭ ሰው ብቅል ይደርሰዋል?»

«ታዲያስ! ድንጋዩ መሐል ይቀራል። ለዚህ አይደል መጨረሻ ያደረግነው?»

«እኔ እኮ ሁልጊዜ ከዚያ በኋላ ነው የምመጣው!»

«አውቃለሁ» አሉ ተረጋግተው። «ለቂጣ መስሎኝ። ቂጣ ምን ይሆናል? የዳቦ ሰው ጠዋት ነው የሚመጣው፤ ይሄንን ሴት ሁሉ ያውቀዋል።»

«ክረምት ላይ ጠዋት ነበር የምመጣው፤ አሁን ጠዋት ትምህርት ቤት ነኛ!»

እትዬ በቀለች ነገሩ ሲገባቸው ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ሳቁ። «ወይ ዙሀሬ! እኔ እጠምቃለሁ፣ አንቺ ትጋግሪያለሽ፤ ለካ በአንድ ብቅል ነው!»

ዙሀራ አልሳቀችም። ሌላ ነገር እያሰበች ነበር። ብዙ ብቅል ሙጫ ካደረገው፣ በጣም ትንሽ ብቅልስ ምን ያደርገዋል?

«እትዬ፣ ቁንጥር ይሰጡኛል?»

ለአረፋ እናቷ ስንዴውን ራሷ በጠዋት አስፈጨች። ዙሀራ ስድስት ዳቦ አቦካች፤ በአምስቱ ምንም አልጨመረችም፤ በስድስተኛው በጣቶቿ ጫፍ የያዘችውን ብቅል ነሰነሰች። እናቷ አየችና፦

«እህል ነው፣ ምንም የለበትም። ለአባትሽ ግን አንቺው ንገሪው» አለቻት።

ስድስቱም አማሩ። ስድስተኛው ግን ከሁሉም ከፍ ብሎ፣ ጀርባው እንደ ቡና ቀልቶ ወጣ። እንግዶቹ ተቀምጠው ትሪው ሲቀርብ የአጎቷ እጅ በቀጥታ ወደ እሱ ሄደ።

ዝም ብትል በርሜሉ ተርፎ ነበር። «አጎቴ፣ እሱ ብቅል አለበት» አለች።

አቶ ረዲ ቀና አሉ። «ምን አልሽ?»

ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው፤ ወፍጮውን፣ ድንጋዩን፣ የሐሙሱን ሰዓት። «ዳቦውን ሐሳቤ አይደለም ያበላሸው፤ ተራዬ ነው። ይሄኛውን ግን አውቄ ነው የጨመርኩት። ምን እንደሚሆን ለማየት።»

«ጌሾ አለበት?» አሉ አጎቷ።

«የለበትም።»

«ተጠምቆ አድሯል?»

«አላደረም። ዱቄት ነው።»

«ታዲያ ገብስ ነዋ!» ቆርሰው ጎረሱ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አኘኩ። «ረዲ፣ ልጅህ ይሄንን ጮሌ ድረስ ትላክልን።»

አቶ ረዲ አልቸኮሉም። ዳቦውን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ሰመጠ፤ ተመልሶ ተነሳ። እንደገና ተጫኑት። እንደገና ተነሳ። ከዚያ ጎረሱና ቀስ ብለው አኘኩ።

«እኔም አልተሳሳትኩም» አሉ በመጨረሻ። «ትምህርቱ ነው ያበላሸው ብያለሁ። ትምህርቱ ነው።»

«አዎ አባ» አለች ዙሀራ፤ እውነትም ነበር።

«ስለዚህ ጠዋት ወፍጮ ቤት የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል።»

«እኔን እንዳታዩኝ» አለች እናቷ። «የአረፋው ይበቃኛል።»

በሚቀጥለው ሐሙስ አቶ ረዲ ሱቅ ከመክፈታቸው በፊት ኮታቸውን ለብሰው፣ ቁናውን በክንዳቸው አቅፈው፣ ከሴቶቹ ሰልፍ ኋላ ቆሙ። «ረዲ ምን ነካው?» የሚለው ሹክሹክታ ገበያው ድረስ ደርሷል ይባላል። ዙሀራ ማታ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግን አባቷ ያሰቡት ሌላ ነበር። ዱቄቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ቆንጥረው በምላሳቸው እየቀመሱ ጠበቋት።

«ከእኔ በፊት የነበረችው ሴትዮ ባቄላ ነው ያስፈጨችው» አሉ። «ባቄላስ ዳቦን ምን ያደርገዋል?»

«አላውቅም አባ።»

«እኔም አላውቅም» አሉና ዱቄቱን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።