ከአሰላ ማዶ፣ የጨፌ ጭቃ ፍለጋ

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ

ከአዲስ አበባ የወጣነው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ዘመኑ ፲፱፻፷፭፣ ወሩ ጥቅምት። ላንድሮቨሩ የዩኒቨርሲቲ ነው። ሾፌሩ ሽፈራው የሁሩታ ልጅ ሲሆን፣ የጉዞው ባለቤት ጌታሁን ደግሞ ባሕር ማዶ ተምሮ የተመለሰ ቀጭን ወጣት ነው። እኔ ለጋዜጣዬ ወሬ ልለቅም የተጫንሁ ትርፍ ዕቃ ነኝ። ከኋላችን ያሉት የብረት ቱቦዎች እየተንቋቁ እስከ ሞጆ ድረስ እንቅልፍ ከለከሉኝ።

ጌታሁን የሚፈልገው ጭቃ ነው። ስሰማ ሳቄ መጣ፤ አዲስ አበባ ጭቃ ቸግሯት አያውቅም። እሱ ግን ሳይቀየም አስረዳኝ። ዛፉም ሣሩም ሲያብብ ብናኙ በነፋስ ይሄድና ረግረግ ላይ ይወድቃል። ጭቃ በላይ በላዩ ይጫነዋል። ውሃ እስካልተለየው ድረስ ስንት ዘመን ቢያልፍ አይበሰብስም። የዝግባ ብናኝ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ባለ ሁለት ጆሮ ነው፤ የሣር ብናኝ ድቡልቡል። ጥንት እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ደግሞ አመዱ እዚያው ጭቃ ላይ ወርዶ እንደ ነጭ መቀነት ይቀራል። ከመቀነቱ በታች ያለው ብናኝ ከፍንዳታው በፊት፣ በላይ ያለው ከፍንዳታው በኋላ ምን ይበቅል እንደነበረ ይናገራል።

ታዲያ ለምን ይህን ያህል ችኮላ? ከአሰላ ማዶ ያለውን ረግረግ ጨፌ ባለርስቱ ለትራክተር እርሻ አከራይቶታል፤ የማድረቂያው ቦይም ሊያልቅ ነው። ጭቃው ውሃው ሲሸሸው አየር ይገባዋል፣ ብናኙም ይጠፋል። ጌታሁን ሌላ እንዲህ ያለ ጭቃ የት እንዳለ አያውቅም።

ሐሙስ፣ ከሰዓት

ናዝሬት ላይ ሻይ በዐሥር ሳንቲም ጠጥተን አዋሽን ተሻገርን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ኮረኮንች፣ አቧራው ነጭ ነው። ዴራ አጠገብ ጌታሁን መኪናውን አስቁሞ ከገደሉ ቁርጥ እንደ ዳቦ የተቦረቦረ ድንጋይ አነሳ። መዳፌ ላይ ሲያስቀምጠው ባዶ የክብሪት ቀፎ ያህል እንኳ አልከበደኝም። ይህም የእሳተ ገሞራ ትፋት ነው አለኝ።

ኢተያ ስንገባ ጎማ ተነፈሰ። ጎሚስታው ምሳው ላይ ነበር፤ እስኪጨርስ ጠበቅነው፤ የተራበ ሰው ጎማ አይለጥፍም። ከዚያ ዳገቱ ጀመረ፤ አየሩ ቀዘቀዘ፤ ግራና ቀኙ ስንዴና ገብስ ሆነ። ፈረሰኞች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሴቶች ቅል አዝለው ከገበያ ይመለሳሉ። አሰላ ስንገባ ጭላሎ ደመና ለብሶ ነበር። እራታችን ጥብስ ነው፤ ስለ ጥብሱ ክፉ አልናገርም፣ ስለ አልጋው ግን ዝም ብል ይሻላል።

ዓርብ፣ ረፋድ

ወደ ጎበሳ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ሄደን ወደ ቀኝ ታጠፍን። የጨፌው አረንጓዴ ከሩቅ ይታያል፤ ዳር ዳሩን ከብት ይግጣል። በአንደኛው ጎን አዲሱ ቦይ ቀይ አፈሩን ከምሮ ተዘርግቷል። ከብታቸውን በጨፌው የሚያግዱት ጢሰኞች ሽማግሌ ኦቦ ቱፋ ቆመው ጠበቁን። ከአዲስ አበባ የመሬት ዕድሜ የሚያነብ ሰው ይመጣል መባሉን ሰምተው ኖሮ፣ በቅቤ የታሸ ጭኮና በቅል እርጎ አዘጋጅተዋል። በሁለት እጄ በላሁ።

በአገሩ ልማድ ያለ ምርቃት ውሃ አጠገብ አይቆፈርም። ኦቦ ቱፋ እርጥብ ሣር ነጭተው ለእያንዳንዳችን በእጃችን ሰጡን፣ በኦሮምኛ መረቁን፣ የቀረውን ጭብጥ ሣር ደግሞ ሥራው እንዲሰምር በቱቦው አፍ ሰገሰጉት። ጌታሁን ክው ብሎ ቀረ። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ሣሩ ሁሉ አብቧል። የጥንት ብናኝ የሚለቀምበት ቱቦ የዛሬ ብናኝ ጠጣ ማለት ነው። ነገር ግን ምርቃት ከአፍ አይነጠቅም። "አሜን" ብሎ ተቀበለ፤ ያን ቱቦ ወደ ጎን አድርጎ ሌላ አወጣ። ሽፈራው ፊቱን አዙሮ ሳቁን ዋጠ።

ዓርብ፣ ከሰዓት

ቱቦው ጭቃው ውስጥ ሲገባና ንብርብሩን ይዞ ሲወጣ ዋለ። ጥቁር ጭቃ፣ አሁንም ጥቁር ጭቃ። ነጩ መቀነት አልመጣም። እጀታውን ስገፋ መዳፌ ተላጠ፤ ወሬ መልቀም እንዲህ እንደሚያሠራ የነገረኝ አልነበረም።

እረፍት ላይ ሳለን ኦቦ ቱፋ ከጌታሁን አጠገብ ተቀመጡ።

"ልጄ፣ ይሄ ውሃ ከጥንት ጀምሮ እንዳለ ትጽፋለህ። ወረቀቱ ሲመጣ ቦዩ ይቆማል አይደል?"

ለካ ጭኮውም ምርቃቱም ለዚህ ኖሯል። ይህ ጨፌ ከደረቀ በበጋ ከብታቸው የሚግጥበት ሌላ ስፍራ የለም። ሽፈራው በዓይኑ ጌታሁንን ጠቀሰው፤ ዝም በል ማለቱ ነው። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ነጩ አመድ እስኪወጣ ዝም ባለ ብዬ ተመኘሁ።

"አይቆምም፣ ኦቦ ቱፋ" አለ ጌታሁን። "እኔ የምጽፈው ድሮ እዚህ ምን እንደበቀለ ነው። ባለርስቱን የሚያስቆም ወረቀት የለኝም። ቁፋሮውን ተው ካሉኝ እተዋለሁ።"

ሽማግሌው አልተቆጡም።  ከብቶቻቸውን አየት አድርገው ተነሱ፣ ነጠላቸውን አደገደጉና እጀታውን ያዙ። አብረን ገፋን።

የወጣው ቱቦ ሲከፈት ጥቁሩን ጭቃ መሐል ለመሐል ነጭ ነገር ቆርጦታል። ጌታሁን ይኸው የጥንቱ የእሳተ ገሞራ አመድ ብሎ አሳየን። ኦቦ ቱፋ ጣታቸውን ሰደዱና ሳይነኩት መለሱ።

"ይሄ አመድ ሲወርድ ውሃው ደረቀ?"

"አልደረቀም። ይኸው፣ ከላዩም የረግረግ ጭቃ ነው።"

ኦቦ ቱፋ ወደ ቦዩ ተመለከቱ። "እሳት ያላደረቀውን ዶማ ሊያደርቀው ነው" አሉ። "ውሰዱት። እዚህ ከሚደርቅ እናንተ ዘንድ ይኑር።"

 እጃቸውን ጨበጥሁ።

ቅዳሜ፣ ከቀትር በኋላ

ጭቃውን በላስቲክ ጠቅልለን፣ በእርጥብ ጆንያ ሸፍነን አዲስ አበባ ገባን። የዩኒቨርሲቲው ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ጥቅልሉን ከፍቶ አየና ለጭቃ ፊርማ ስጠየቅ የመጀመሪያዬ ነው ብሎ ቀለደ። ጌታሁን አልሳቀም። ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ከመስኮት ርቆ እንዲቀመጥ አደረገ፣ ጆንያውን ራሱ በውሃ አራሰ፣ በየጊዜው እንዲያርሰው ሰውየውን አደራ አለው።

"ባየው ባየው ጭቃ ነው" አለ ጠባቂው። "ቢደርቅስ ማን ይጎዳል?"

ጌታሁን ጆንያውን እንደገና አስተካከለ። ጠባቂው ወደ እኔ ቢዞር፣ የኦቦ ቱፋን አደራ ነገርሁትና የውሃውን ጣሳ እጁ ላይ አኖርሁ።