ከማሻ ሰሌዳ የነቀልኩት ወረቀት

ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ የሥራ ማስታወቂያ ግን ከማንም ባልተናነሰ አነባለሁ። ልጄ በደን ሳይንስ ተመርቃ ሚዛን ከተማ እኔ ቤት ያለ ሥራ ከተቀመጠች ሁለት ዓመት ስላለፋት፣ ከአማን እስከ ቴፒ ያለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰሌዳ ሁሉ ያውቀኛል። መጀመሪያ የማየው «የሥራ ልምድ» የሚለውን ነው። አንዱ ሁለት ዓመት ይላል፣ ሌላው አራት። ሳትቀጠር ልምዱን ከየት ታምጣው?

አንድ ቀን ማሻ የምትኖረው እህቴ ደወለችና አንድ መሥሪያ ቤት የደን ባለሙያ ይፈልጋል፣ ልምዱም ዜሮ ዓመት ነው አለችኝ። በማግስቱ ልጄን ይዤ ተሳፈርኩ። ዲግሪዋን በፕላስቲክ፣ ፕላስቲኩን በፎጣ፣ ፎጣውን በዘንቢል አድርጌ ማሻ እስክንደርስ ጉልበቴ ላይ አቅፌው ሄድኩ። «እማዬ፣ እንቁላል አይደለም እኮ» እያለች ሳቀችብኝ።

እሷ ለመመዝገብ ስትገባ እኔ ግቢው ውስጥ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። «ብዛት» ከሚለው ሥር «1» ተጽፏል። የሚቀጥሩት አንድ ሰው ብቻ ነው። ማሻ እንደ ልማዷ ስታካፋ ጃንጥላዬን ዘረጋሁ። ሰፊ ስለሆነ ሰሌዳውን እስከ ጠርዙ ይሸፍናል። አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ መጣ።

«እናቴ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ፤ ማስታወቂያውን ፎቶ ላንሳው።»

«የቱን ልጄ? ይሄ እኮ አልፎበታል።»

አመስግኖኝ ሄደ። መዋሸቴን እዚያው ቆሜ ለእግዚአብሔር ነገርኩት። ይቅር መባሌን ሳላጣራ ግን አራቱን ስፒሎች ነቅዬ ወረቀቱን ዘንቢሌ ውስጥ ከተትኩ። ልጄ እየሳቀች ወጣች። እስካሁን ያመለከተችው እሷ ብቻ ናት ብለዋታል። ቤት ስንገባ ወረቀቱን መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ደበቅሁት።

በሳምንቱ ከመሥሪያ ቤቱ ተደወለላት። ማስታወቂያው ቀኑ ሳይሞላ ከሰሌዳው ስለጠፋ ምዝገባው እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል፤ የእሷ እንዳለ ይያዝላታል። ዳግም እንዳይጠፋ ደግሞ ጌጫም ቴፒም ለጥፈውታል። ልጄ ስልኩን ዘግታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«የነቀለው ሰው ምን አድርጌው ነው እንዲህ የጠላኝ?» አለች።

ደግነቱ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበርና እንባዬ አላሳበቀብኝም።

የፈተናው ቀን ጠዋት ትጸልይበት ዘንድ መጽሐፍ ቅዱሴን ጠየቀችኝ። ፍርሃቱ ልቤን ስለወሰደው ውስጡ ያለውን ሳላስብ ሰጠኋት። ግቢው ስንደርስ የገበያ ቀን ይመስላል። ያ ወጣት ከነስልኩ አለ፤ በጃንጥላዬ አወቀኝ።

«እናቴ፣ አላለፈበትም እኮ» አለኝ። ልጄ እሱንም አየችው፣ እኔንም አየችኝ፤ ከዚያ ለፈተና ገባች።

ውጤት በተለጠፈ ቀን አብረን ሄድን። ከታች ወደ ላይ ማንበብ ጀመርኩ። ስሟን አጣሁት፣ አጣሁት፣ መጨረሻ ላይ ከሁሉም በላይ አገኘሁት፤ ሁለተኛውን የበለጠችው በግማሽ ነጥብ ነው። እጄ ሳይታወቀኝ ወደ ስፒሉ ሄደ። ለማስታወሻ ነበር የፈለግሁት። ልጄ አንጓዬን ያዘችኝ።

«ይሄኛው እዚያው ይቆይ፣ እማዬ። ያኛው መጽሐፍሽ ውስጥ አለልሽ።»

ዝናቡ እየወረደ ጃንጥላዬን አጠፍኩት። ሰው ሁሉ ያንብበው።